ፋብሪካው ምን እንዳለው እናውቃለን፤ ለምን እንዳለውስ?

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ፣ በቢፒ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የነዳጅ ክፍሎችን የሚለይ አንድ ማማ እየሞላ ነበር። ማማው 52 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከጥገና በኋላ ሥራ እያስጀመሩት ነው። ፈሳሹ ከሦስት ሰዓት በላይ ገባ። ከታች የሚወጣበት መስመር ግን ዝግ ነበር። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፤ የፈሳሹ ከፍታ 2.4 ሜትር ገደማ ነው፣ እንዲያውም ቀስ እያለ እየወረደ ነው ይላል። እውነተኛው ከፍታ 48 ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማማው በአናቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ፈሳሹ በማስወጫ ቧንቧ በኩል ወደ ሰማይ ተረጨ፤ ትነቱም ተቀጣጠለ። 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ቆሰሉ።

ስለዚህ አደጋ ብዙ ተጽፏል። ኦፕሬተሮቹ ለሳምንታት ያለ ዕረፍት ሠርተው ዝለው ነበር። ጊዜያዊ ቢሮዎች ለአደገኛው ቦታ በጣም ቀርበው ተተክለው ነበር። መለኪያው በትክክል አልተስተካከለም ነበር። ሁሉም እውነት ነው። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የምትከነክነኝ አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ ወደ ማማው የሚገባውና ከማማው የሚወጣው የፈሳሽ መጠን በአንድ ስክሪን ላይ አይታዩም ነበር። አንዱ አንድ ገጽ ላይ፣ ሌላው ሌላ ገጽ ላይ ነው። በጠቅላላው ውስጥ ስንት ፈሳሽ እንዳለ የሚያሰላ ነገርም አልነበረም።

ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ታዲያ ውስጥ ስንት ቀረ? ይህ የባልዲ ሒሳብ ነው። ልጅም ይሠራዋል። ነገር ግን ስክሪኑ የተሠራው ጥያቄውን ለመመለስ አልነበረም። የተሠራው መሣሪያዎቹን ለማሳየት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። የኢንዱስትሪ ፋብሪካዎችን የምንስላቸው፣ የምንቆጣጠራቸውና አሁን ደግሞ በኮምፒውተር የምናስመስላቸው በአብዛኛው «ምን አላቸው?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። «ያላቸው ነገር ለምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ግን በሰነዶቻችን ውስጥ ቦታ የለውም። ያለው በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ይደክማሉ፣ ይቀየራሉ፣ ጡረታ ይወጣሉ።

የሚዋሽ ከፍታ

የቴክሳስ ሲቲው መለኪያ ለምን ዋሸ? የተሠራው የማማውን ታችኛ ክፍል ብቻ ለመለካት ነው። ፈሳሹ ከመለኪያው ክልል አልፎ ሲወጣ የመለኪያው አካል ሙሉ በሙሉ ሰጠመ። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ከፍታን አልነበረም። ፈሳሹ እየሞቀ ሲሄድ ይቀላል። ፈሳሹ ሲቀል መለኪያው «ከፍታው ወረደ» ብሎ ተረጎመው። በራሱ ዓለም ትክክል ነበር። ማማው ግን በሌላ ዓለም ውስጥ ነበር።

ይህ የአንድ ቀን ዕድለ ቢስነት ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ወደ ኋላ እንሂድ።

ጁላይ 24 ቀን 1994። በዌልስ፣ ሚልፎርድ ሄቨን አጠገብ በሚገኝ የቴክሳኮ ማጣሪያ ላይ ጠዋት መብረቅ ወርዶ ሥራው ተናጋ። ከሰዓታት በኋላ ፍንዳታ ደረሰ። ሲመረመር የተገኘው ነገር ይህ ነው፦ መውጫው ወደ ተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለማቋረጥ ፈሳሽ ይገባ ነበር። የመውጫው ቫልቭ ተዘግቷል፤ ሲስተሙ ግን ክፍት ነው ይላል። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ገደማ ሁለቱ ኦፕሬተሮች 275 የማስጠንቀቂያ አላርሞች ጎርፈውባቸዋል። 26 ሰዎች ተጎዱ። የሞተ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ የጤናና ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1997 ባወጣው ሪፖርት ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ ስክሪኖች የሂደቱን አጠቃላይ ሁኔታ እንዲያሳዩ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የገባና የወጣ መጠን ሚዛንን እንዲያካትቱ የሚል ነበር። ቴክሳስ ሲቲ የደረሰው ከዚያ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ገና ወደ ኋላ እንሂድ። ማርች 28 ቀን 1979፣ ስሪ ማይል አይላንድ፣ ፔንስልቬኒያ። በኒውክሌር ማመንጫው ላይ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። በሰሌዳው ላይ የነበረው መብራት ግን ቫልቩ መዘጋቱን የሚናገር አልነበረም፤ የሚናገረው «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ መላኩን ነው። ኦፕሬተሮቹ መብራቱ ሲጠፋ ቫልቩ ተዘጋ ብለው አመኑ። ውሃው ከሁለት ሰዓት በላይ ወጣ። በዚያ ላይ የግፊት መጠበቂያው ታንክ የውሃ ከፍታ ከፍ ብሎ ይነበብ ስለነበር «ውሃ በዝቷል» ብለው የድንገተኛውን ውሃ ቀነሱት። ሬአክተሩ እየደረቀ ነበር። በሬአክተሩ እምብርት ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በቀጥታ የሚያሳይ መለኪያ አልነበረም። ግማሽ ያህሉ እምብርት ቀለጠ።

ሦስት አገር አይደለም፣ ሁለት ነው፤ ሦስት የተለያየ ቴክኖሎጂ ግን ነው። ታሪኩ አንድ ነው። ሰዎቹ የመሣሪያ ቁጥር ተሰጣቸው። ያስፈልጋቸው የነበረው የተግባር እውነት ነው፦ «ይህ ክፍል ውሃ መያዝ ነበረበት፤ እየያዘ ነው ወይ?» «ይህ ቫልቭ ማገድ ነበረበት፤ እያገደ ነው ወይ?»

የተግባር ሞዴል ስንል

«ተግባር» ስል ልምምድ ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር የቆመለት ሥራ ማለቴ ነው። ፓምፕ ዕቃ ነው፤ ውሃን ከዚህ ወደዚያ ማድረስ ተግባር ነው። ታንክ ዕቃ ነው፤ ማከማቸት ተግባር ነው። የተግባር ሞዴል ማለት ፋብሪካውን በስም ሳይሆን በግስ መጻፍ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ሐሳቡ የመጣው ከዴንማርክ ነው። በሪሶ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው የንስ ራስሙሰን፣ የተበላሸ ነገር የሚፈልጉ ቴክኒሻኖችና ኦፕሬተሮች እንዴት እንደሚያስቡ ለዓመታት አጠና። ያስተዋለው ነገር ቀላልና ጥልቅ ነው። ሰው ችግር ሲገጥመው በአንድ ደረጃ ላይ ቆሞ አያስብም። አንዴ ወደ ላይ ይወጣና «ዓላማው ምን ነበር?» ይላል። አንዴ ወደ ታች ይወርድና «በምን ነው የሚሠራው?» ይላል። ራስሙሰን ይህን በአምስት ደረጃ አስቀመጠው። ከላይ ዓላማው አለ። ከታች ብረቱ፣ ቅርጹና ያለበት ቦታ አለ። መሃል ላይ የኃይልና የቁስ ፍሰት፣ የሂደቶቹ ዓይነትና የመሣሪያዎቹ አሠራር ይገኛሉ።

ሌላው የዴንማርክ ሰው ሞርተን ሊንድ ደግሞ ይህን አስተሳሰብ ኮምፒውተር ሊያነበው ወደሚችል ቋንቋ ቀየረው። የሊንድ ዘዴ ባለብዙ እርከን የፍሰት ሞዴል ይባላል። የሚያስደንቀኝ የቃላቱ ማነስ ነው። ምንጭ፣ መድረሻ፣ ማጓጓዝ፣ ማከማቸት፣ ማመጣጠን፣ ማገድ። ስድስት ብቻ። በእነዚህ ስድስት ቃላት የቁስንም የኃይልንም ፍሰት መጻፍ ይቻላል። ከዚያ የአንዱ ፍሰት ለሌላው ምን እንደሚያደርግ፣ የትኛውን ግብ እንደሚያሟላ፣ ከየትኛው አደጋ እንደሚጠብቅ በመስመር ይያያዛል።

በምሳሌ ካልታየ ባዶ ወሬ ነው። እስቲ አንድ ቦይለር፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሠራ ዕቃ፣ እንሥራ።

ግቡ በሚፈለገው ግፊት በቂ እንፋሎት ማቅረብ ነው። አደጋውም አብሮ ይጻፋል፦ ቱቦዎቹ ውሃ አጥተው መቃጠል። አሁን ወደ ታች እንውረድ። የውሃው ፍሰት ምንጭ አለው፣ እሱም የመጋቢው ታንክ ነው። ፓምፑ ያጓጉዛል። ከላይ ያለው ድራም፣ ማለትም ውሃና እንፋሎት የሚለያዩበት ዕቃ፣ ያከማቻል። እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። መድረሻው ተጠቃሚው ክፍል ነው። ከጎኑ ሌላ ፍሰት አለ፣ የኃይል። ምንጩ ነዳጁ ነው። ሙቀቱ በቱቦው ግድግዳ ያልፋል፣ በውሃው ውስጥ ይከማቻል፣ በእንፋሎቱ ተጭኖ ይሄዳል። ሁለቱ ፍሰቶች የተለያዩ ናቸው፤ ነገር ግን የኃይሉ ጉዞ በውሃው ጉዞ ላይ ይንጠለጠላል። ውሃው ካልሄደ ሙቀቱ የሚሸከመው የለም። ሙቀቱ ካልተሸከመ ብረቱ ውስጥ ይቀራል።

ያቺ የቱቦ ግድግዳ ስንት ሥራ እንዳላት አስተውሉ። ሙቀትን ታሳልፋለች። ውሃን ታግዳለች። ግፊትንም ትሸከማለች። በስዕል ላይ አንዲት መስመር ናት። በተግባር ሞዴል ላይ ሦስት ቦታ ትገኛለች፤ ሦስቱም ለየብቻ ሊበላሹ ይችላሉ። ውስጧ በሚቀረው የውሃ ቆሻሻ ከተለበጠች ማገዷን ሳታቆም ማሳለፏን ትቀንሳለች። ቀዳዳ ካወጣች ማሳለፏን ሳታቆም ማገዷን ታቆማለች።

ወደ ድራሙ እንመለስ፤ የጽሑፉ ልብ እዚህ ነው። የእንፋሎት ፍላጎት በድንገት ሲጨምር የድራሙ ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ በውሃው ውስጥ ያሉት አረፋዎች ያብጣሉ። አረፋው ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ የውሃው ከፍታ ይጨምራል። የውሃው መጠን ግን እየቀነሰ ነው፤ ምክንያቱም የሚወጣው እንፋሎት ከሚገባው ውሃ በልጧል። ከፍታውን ብቻ የሚያይ መቆጣጠሪያ «ሞልቷል» ብሎ ውሃ ይቀንሳል። ልክ መጨመር በሚገባው ሰዓት ማለት ነው።

የቦይለር ባለሙያዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። መፍትሔውንም አግኝተዋል። ትልልቅ ቦይለሮች በሦስት ልኬት ነው የሚቆጣጠሩት፦ ከፍታ፣ የሚወጣ እንፋሎት፣ የሚገባ ውሃ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። የባልዲው ሒሳብ በቦይለር ላይ ባህል ሆኗል። በሌላው የፋብሪካ ክፍል ግን ሁልጊዜ አልሆነም። አንድ ሰው የድራሙን ተግባር «ውሃ ማከማቸት» ብሎ በግልጽ ቢጽፈው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ራሱ ይመጣል፦ ከፍታው ለመከማቸቱ ምስክር የሚሆነው መቼ ነው? የማይሆነውስ? ሞዴሉ ለዚህ ጥያቄ ቦታ ያበጅለታል። በቧንቧና መሣሪያ ስዕሉ ላይ ያቺ ክብ ምልክት ከታንኩ ጎን ተለጥፋ «የከፍታ መለኪያ» ብቻ ትላለች። ጥያቄ አትጋብዝም።

275 አላርም፣ አንድ ምክንያት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አላርም ላይ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ምልክቱን ሁሉ እንሰበስባለን፤ ሥሩን ለሰውየው እንተዋለን።

አስቡት፣ አንድ የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕ ቆመ። የፓምፑ አላርም ይጮሃል። ከዚያ የውሃው ግፊት። ከዚያ የውሃው ፍሰት። ከዚያ ይህ ውሃ የሚያቀዘቅዛቸው አራት ሙቀት ማስተላለፊያዎች እያንዳንዳቸው የሙቀት አላርም ያሰማሉ። ትነቱ ስላልቀዘቀዘ የማማው ግፊት ይጨምራል። ኮምፕሬሰሩ ዘይቱ ስለሞቀ ራሱን ያጠፋል። ኮምፕሬሰሩ ሲጠፋ ሌላ አሥር አላርም። አንዲት ዝሆን የምታህል ምክንያት ከሠላሳ አይጦች ኋላ ተደበቀች። በዘርፉ ያሉ መመሪያዎች ጥሩ በሚሉት ሁኔታ አንድ ኦፕሬተር በአማካይ በአሥር ደቂቃ አንድ አላርም ያህል ነው ማስተናገድ ያለበት። በአሥር ደቂቃ ከአሥር በላይ ከመጣ ጎርፍ ይሉታል። ጎርፍ ውስጥ ሰው አያነብም። አላርሙን ዝም የማሰኛውን ቁልፍ ይጫናል።

የተግባር ሞዴል እዚህ ላይ ያለው ጉልበት ከአወቃቀሩ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ አላርም ከአንድ ተግባር ጋር ይታሰራል። «ዝቅተኛ ፍሰት» የማጓጓዝ ተግባር ደከመ ማለት ነው። የማጓጓዝ ተግባር የሚደክመው በጥቂት መንገድ ብቻ ነው፦ ምንጩ ደርቆ፣ የሚያጓጉዘው መሣሪያ ጉልበት አጥቶ፣ ወይም ወደፊት ያለው መንገድ ተዘግቶ። ከእያንዳንዱ መላምት ጀርባ ሌላ ተግባር አለ፤ እሱም የራሱ አላርም አለው ወይም የለውም። በዚህ ሰንሰለት ወደ ኋላ ሲኬድ አብዛኞቹ አላርሞች «እኔ ውጤት ነኝ» ይላሉ። አንዱ ወይም ሁለቱ ይቀራሉ። ሥሩ እዚያ ነው።

ወደፊትም ይኬዳል። ይህ ፓምፕ ቢቆም የትኛው ግብ ይጎዳል? ከየትኛው አደጋ የሚጠብቀን መከላከያ ይላላል? የሃዞፕ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ስድስት ባለሙያዎች ለሳምንታት ተቀምጠው «ፍሰት ቢያንስስ? ፍሰት ቢገለበጥስ? ሙቀት ቢበዛስ?» እያሉ መስመር በመስመር የሚጠይቁበት ስብሰባ ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚነገረው የምክንያትና ውጤት እውቀት ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ነው። አላርሙን የሚያዘጋጀው ሰው አያየውም። ስክሪኑን የሚሠራው ሰው አያየውም። የተግባር ሞዴል ያን እውቀት በሕይወት የሚያቆይ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ

እንዲህ ዓይነት ሞዴል መሥራት የሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የቧንቧና መሣሪያ ስዕሉን ይዘረጋና ምልክቱን ሁሉ ወደ ተግባር ይተረጉማል። ፓምፕ? ማጓጓዝ። ታንክ? ማከማቸት። ቫልቭ? ማጓጓዝ። መጨረሻ ላይ ያው ስዕል በሌላ ምልክት ተጽፎ ያገኘዋል። ምንም አልተማረም። ቅድም እንዳየነው አንድ ዕቃ ብዙ ሥራ አለው። አንድ ሥራም በብዙ ዕቃ ይሠራል። ስለዚህ ስዕሉ መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይከፈትም።

የሚጀመረው ከግቡ ነው። ይህ ክፍል ባይኖር ማን ያለቅሳል? ምን ይጎድለዋል? ከዚያ «እንዴት ነው የሚያሟላው?» እያሉ መውረድ። አንድ ደረጃ በወረዱ ቁጥር መልሶ «ለምን?» እያሉ መውጣት። ወርዶ መውጣት ካልተገናኘ፣ ወይ የጎደለ ተግባር አለ ወይ ማንም የማያውቀው ዕቃ አለ።

ሁለተኛው ስሕተት የሚታየውን ሥራ ብቻ መጻፍ ነው። ለዚህ ከፍሊክስቦሮ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1974 በእንግሊዝ በሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ ስድስት ሬአክተሮች በተርታ ቆመው ነበር። አምስተኛው ስንጥቅ ተገኘበትና ተነሣ። አራተኛውን ከስድስተኛው የሚያገናኝ ጊዜያዊ ቧንቧ ተሠራ። ንድፉ የተሣለው በፋብሪካው ወርክሾፕ ወለል ላይ በጠመኔ ነው። ቧንቧው ፈሳሹን ያጓጉዛል ወይ? ያጓጉዛል፤ ለሁለት ወር ያህል አጓጓዘ። ነገር ግን ቧንቧው ሌላም ሥራ ነበረው፤ በሁለቱ ጫፍ ባሉት ተለማጭ መገጣጠሚያዎች መሃል ከግፊቱ የሚመጣውን ገፊ ኃይል መቋቋም። ያን ሥራ ማንም አልጻፈለትም፣ ማንም አላሰላለትም። ጁን 1 ቀን ተሰበረ። 28 ሰዎች ሞቱ።

ይህ አደጋ ለእኔ የሚለው ነገር አለ። አንድን ዕቃ ስታነሡ የምታነሡት ሥራውን ሁሉ ነው። ስትተኩ ግን የምትተኩት ያስታወሳችሁትን ሥራ ብቻ ነው። ለውጥ ከመደረጉ በፊት የዚያ ዕቃ ተግባራት ዝርዝር በጽሑፍ ካለ ቢያንስ የሚጠየቅ ነገር አለ። ከሌለ ደግሞ ጠመኔው ይቀድማል።

ሦስተኛው ስሕተት ለሁሉም ሰዓት አንድ ሞዴል መሥራት ነው። ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ ሲሠራና ሲቆም አንድ ፋብሪካ አይደለም። ያው ቫልቭ በሥራ ጊዜ የማጓጓዝ ተግባር አለው፤ በማስጀመር ጊዜ የማገድ። ቴክሳስ ሲቲ የደረሰው በማስጀመር ላይ መሆኑን አንርሳ። መለኪያው የሚያነበው ክልል ለመደበኛው ሥራ በቂ ነበር። ማስጀመሪያው ላይ ግን መለኪያው ለማያውቀው ሁኔታ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ስለዚህ ሞዴሉ ሁነታዎቹን መለየት አለበት፤ ቢያንስ አደገኛ የሆኑትን።

የማይችለው

ዘዴውን ስለምወደው አላጋንነውም። የተግባር ሞዴል ቁጥር አያሰላም። መግቢያው ጨመረ፣ መውጫውም ጨመረ፤ ታንኩ ምን ይሆናል? አያውቅም። «ሁለቱም ይቻላል» ይላችኋል። ስንት ደቂቃ አለን? አያውቅም። ለዚያ የፊዚክስ ቀመሮች ያሉት ሲሙሌሽን ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ሁለት መሐንዲሶች አንድን ክፍል ለየብቻ ቢስሉት ሁለት የተለያየ ሞዴል ሊወጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ዓላማ ብረት ላይ አልተጻፈም። ሰው ነው የሚሰጠው። ይህን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ። እኔ ልዩነቱን የማየው እንደ ግኝት ነው። ሁለት መሐንዲሶች አንድ ቫልቭ ለምን እንዳለ ካልተስማሙ፣ ያን ዛሬ በስብሰባ ላይ ማወቅ ይሻላል።

ዋጋም አለው። ጊዜ ይበላል። ፋብሪካው በተቀየረ ቁጥር ሞዴሉ ካልተቀየረ ደግሞ ከሌለ ሞዴል ይብሳል፤ በልበ ሙሉነት ያሳስታልና።

አሁን ለምን?

ምክንያቱም ዛሬ ፋብሪካዎች በሁለት ነገር ላይ ብዙ ገንዘብ እያፈሰሱ ነው፦ ዲጂታል መንትያ (የፋብሪካው የኮምፒውተር ቅጂ) እና ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ሁለቱም ግን «ለምን»ን ይዘው አይመጡም።

ዲጂታል መንትያ ፋብሪካውን በቁጥር ያስመስላል። ሙቀቱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስንት እንደሚሆን ሊነግራችሁ ይችላል። ያ ሙቀት ለማን አስፈላጊ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ከመረጃ የሚማረው ሞዴል ደግሞ ያለፉትን ዓመታት ቁጥሮች አጥንቶ «ዛሬ ያልተለመደ ነገር አለ» ይላል። መልካም። ግን አደጋ ብርቅ ነው። ማማው 48 ሜትር ሞልቶ የሚያውቅበት መረጃ የለም፤ እንዲኖርም አንፈልግም። የተግባር ሞዴል አደጋን ለማወቅ አደጋ ማየት አያስፈልገውም፤ እውቀቱ የሚመጣው ከንድፉ ዓላማ ነውና።

በዚያ ላይ ማብራሪያ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ኦፕሬተር «የመዛባት ነጥብ 0.87» የሚል መልእክት ቢደርሰው ምን ያደርጋል? «ወደ ማማው የሚገባው ከሚወጣው በልጦ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤ የከፍታ መለኪያው ግን እየወረደ ነው ይላል፤ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም» ቢለው ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ማሽኑ ማማው የሚያከማች መሆኑን፣ መለኪያው የመከማቸቱ ምስክር መሆኑን፣ ምስክርም ሊዋሽ እንደሚችል ማወቅ አለበት። ይህን የሚነግረው የተግባር ሞዴሉ ነው።

የቋንቋ ሞዴሎች የፋብሪካ ሰነዶችን አንብበው የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። ሰዓት ይቆጥባል። ነገር ግን አሳማኝ የሚመስል ዓላማ ፈጥረው ለቫልቭ መስጠት ለእነሱ ቀላል ነው። ቫልቩን በእጁ ያዞረ ሰው ሳያየው ረቂቁ ረቂቅ ነው።

መጀመር የሚፈልግ ካለ፣ ፋብሪካውን በሙሉ አይንካ። ባለፈው ዓመት በተደጋጋሚ ያስቸገረ አንድ ክፍል ይምረጥ። የማቀዝቀዣ ውሃ፣ የቅባት ዘይት፣ ወይም ቦይለሩ ሊሆን ይችላል። አንድ የሂደት መሐንዲስ፣ አንድ የመለኪያ ቴክኒሻን፣ አንድ ኦፕሬተር፣ ሰሌዳና የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይበቃል። ሞዴሉ ሲያልቅ የድሮ የአላርም መዝገብ ይውጣ፤ ፋብሪካው በቆመበት ቀን የተመዘገበው። በሞዴሉ ላይ እየተከተሉ ሥሩ ላይ ይደርስ እንደሆነ ይታይ። ካልደረሰ የጎደለው የት እንደሆነ ወዲያው ይገኛል።

በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ መሃል አንድ ዕቃ መውጣቱ አይቀርም። በስዕል ላይ አለ፣ በቦታው ላይም አለ፣ ቀለም ተቀብቶ ቁጥር ተጽፎበታል። ለምን እንዳለ ግን በክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ የለም። በሰሌዳው ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ይህ መስመር ሲተከል እዚያ የነበረ፣ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ኦፕሬተር ካለ፣ ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው።